ቦይለር ወይስ ፈጣን ማሞቂያ? ከዕቃው በፊት ሽቦውንና ግፊቱን ይዩ

ውሃ ማሞቂያ ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ያለው ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ቤት ነው፤ እስከ ሻወር ክፍሉ የተዘረጋው ሽቦ ውፍረቱ ስንት ነው? የውሃው ግፊትስ? በተከታታይ የሚታጠበው ስንት ሰው ነው?

ጉዳዩን ከኃይሉ እንጀምር። ፈጣኑ ማሞቂያ ታንክ ስለሌለው ውሃውን የሚያሞቀው በውስጡ ሲያልፍ ነው። 5.5 ኪሎዋት የሆነው በደቂቃ 3 ሊትር ውሃ ቢያልፍበት ሙቀቱን በ26 ዲግሪ ገደማ ያሳድገዋል። ስለዚህ በ15 ዲግሪ የገባው ውሃ 41 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፤ ለገላ ተስማሚ ነው። ቧንቧውን አስፍተው 6 ሊትር ካስለቀቁት ግን ጭማሪው በግማሽ ወርዶ 28 ዲግሪ ለብ ያለ ውሃ ያገኛሉ። «አዲሱ ማሞቂያ አያሞቅም» ተብሎ ወደ ሱቅ ከሚመለሰው ዕቃ ብዙው ችግሩ ይኸው ነው፤ ዕቃው ደህና ነው፣ ውሃው በዝቶበታል። 6 ሊትሩን በ26 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 11 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ያን የሚሸከም መስመር ያለው ቤት ጥቂት ነው።

ቦይለር ግን በታንኩ ያጠራቀመውን ውሃ በዝግታ ያሞቃል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ጥቅሙ የሚስበው 7 አምፔር ብቻ መሆኑ ነው። ፈጣኑ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል።

ስለዚህ ሽቦው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለቦይለር ራሱን የቻለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ለ5.5 ኪሎዋቱ ፈጣን ማሞቂያ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ጠርዝ ላይ ነው፤ ርቀቱ ከረዘመ ወይም ሽቦው ከሌሎች ጋር በአንድ ቱቦ ከታጨቀ 6 መሳብና 32 አምፔር ብሬከር ማድረግ ይሻላል። ከተራ ሶኬት መስመር ላይ የተቀጠለ ፈጣን ማሞቂያ ጥቂት ሳምንት ይሠራና ማያያዣው መጋል ይጀምራል፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ብሬከሩም እየደጋገመ ይወርዳል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሽቦውን ትቶ ብሬከሩን በትልቅ መቀየሩ ነው። ያኔ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። ለሁለቱም ዕቃ የመሬት ሽቦና፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ ልዩ ብሬከር ግዴታ ነው። የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት መጀመሪያ እሱን ያሠራ፤ ማሞቂያው ይቆየው።

ግፊት ላይ ቦይለር ይሻላል። ከፍታ በየ1 ሜትሩ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ ከሻወሩ በ1.5 ሜትር ብልጫ የተቀመጠ ታንከር 0.15 ባር ነው የሚሰጠው። ይህ ለአንዳንድ ፈጣን ማሞቂያ አይበቃም፤ የውስጡ ማብሪያ በግፊት ስለሚሠራ ጭራሽ አይበራም፣ ወይም ቀጭ ቀጭ እያለ ይበራል ይጠፋል። አነስተኛውን ግፊት ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ቦይለር በትንሽ ግፊትም ይሠራል፣ የሚወርደው ውሃ ይቀጥናል እንጂ። መብራት ሲጠፋም ያሞቀው ውሃ ለሰዓታት ይቆያል። ውሃ ሲጠፋ ግን ታንኩ ሙሉ ቢሆንም ከሻወሩ አይወርድም፤ ሙቁን ገፍቶ የሚያወጣው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ነውና።

ስንት ሊትር? በ60 ዲግሪ ያለ 80 ሊትር ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ከ130 ሊትር በላይ የገላ ውሃ ይሰጣል። አንድ ሰው በደቂቃ 8 ሊትር እያፈሰሰ 8 ደቂቃ ቢታጠብ 64 ሊትር ይወስዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ያስተናግዳል፣ ሦስተኛው ይጠብቃል። 50 ሊትሩ ለአንድ ሰው ነው። በዚህ በኩል ፈጣኑ ይበልጣል፣ አያልቅበትም።

ስለ ወጪ ሲወራ ፈጣኑ ቆጣቢ ነው ይባላል። አንድ ሊትር ለማሞቅ ሁለቱም የሚፈጁት እኩል ነው። ቦይለሩ የሚያባክነው ተሰክቶ ሲውል ነው፤ 80 ሊትሩ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በታንኩ ግድግዳ በኩል ይጠፋበታል። ከመታጠብ በፊት አብርቶ በኋላ ማጥፋት ልዩነቱን ያጠብበዋል።

ገጠማው ላይ ስህተት የሚበዛው በቦይለር ነው። 80 ሊትሩ ሲሞላ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ላይ ተራ ፊሸር አይሸከመውም። ግድግዳውን የሚያልፍ ቡሎን ከኋላው በብረት ሳህን መታሰር አለበት። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ፣ ቀስቱ ወደ ታንኩ ሆኖ ይገጠም፤ በእሱና በታንኩ መሃል መዝጊያ አይግባ። ሲሞቅ ቢያንጠባጥብ አይደንግጡ፤ 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ ከ1 ሊትር በላይ ይሰፋል፣ መውጫው ያ ነው። በላስቲክ ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይምሩት እንጂ አይድፈኑት። ከመሰካትዎ በፊት የሙቁን ቧንቧ ከፍተው አየሩ አልቆ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። በባዶ ታንክ የበራ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ይቃጠላል።

ፈጣኑ ሲገጠም ዋናው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ለአንድ ሻወር ብቻ የሚገጠመው ዓይነት መውጫው ላይ መዝጊያ አይደረግም፤ የሚከፈተውና የሚዘጋው በመግቢያው ነው። መውጫው ከተዘጋ ግፊትና እንፋሎት ውስጥ ይታፈናል። መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት በአሸዋ ስለምትደፈን አልፎ አልፎ ትታጠብ።

ፀሐይ ለማያጣ ጣሪያ የሶላር ማሞቂያም አለ፤ ጣሪያው ክብደቱን ከቻለ ጥሩ ነው። የመስታወት ቱቦ ያለውን ግን በቀትር አይሙሉት፤ ባዶውን የጋለ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። በጋዝ የሚሠራው ጭሱ ወደ ውጭ ካልወጣ ይገድላል፤ ሻወር ክፍል ውስጥ አይታሰብም።

ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም ግፊቱ ደካማ ከሆነ ቦይለር ይግዙ። መስመሩ ጠንካራ፣ ግፊቱ በቂ፣ ተጠቃሚውም ተከታትሎ የሚታጠብ ከሆነ ፈጣኑ ያዋጣል።

አሮጌ ቦይለር ያለው ሰው ግን አዲስ ከመግዛቱ በፊት የሚያፈስበትን ቦታ ይይ። ከታች ካለው የሬዚስታንስ ክዳን ከሆነ ጎሚኒው ነው፣ ይቀየራል። ከራሱ ከታንኩ አካል ከሆነ ጥገና የለውም። ውስጡ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ታንኩን ከዝገት የሚያድነው ራሱ እየተበላ ስለሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ ተከፍቶ ቢታይና ቀጥኖ ሲገኝ ቢቀየር ታንኩ እዚያ አይደርስም ነበር።