የሸዋ በሩ ጌም ቤት እና የቶሮንቶ አጥቂዎች

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ስም ያልተጻፈበት ጌም ቤት አለ። ምልክቱ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ሰማያዊ መጋረጃ ነው። ውስጡ አራት ፒኤስ ፎር፣ አራት ቴሌቪዥን፣ እግራቸው የሚወላገድ የፕላስቲክ ወንበሮች። ፊፋ በጨዋታ 15 ብር ነው። በሰዓት ከሆነ 80። ሦስት ወር ሙሉ ስለተመላለስኩ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ፊፋ አልችልም። ያስገባኝ ከቶሮንቶ የመጣ አንድ ዲስክ ነው። ኤንኤችኤል 24፣ የበረዶ ሆኪ ጌም። ለአረፋ እህቴ ከልጇ ጋር መጥታ ነበር። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ደሴ ሲደርስ ቡድኑ፣ የቶሮንቶው ሜፕል ሊፍስ፣ ከውድድር ከወደቀ ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ፊቱ ለቅሶ ቤት የከረመ ሰው ይመስላል።

አልፈረድኩበትም። ከፍሎሪዳ ጋር አራት ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ፣ ቶሮንቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ወስዶ ነበር። አምስተኛውን በሜዳው 6 ለ 1 ተሸነፈ። ስድስተኛውን ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ 2 ለ 0 አሸነፈና ሰውን ሁሉ አስጎመጀ። ግንቦት 10 ቀን 2017 ሰባተኛው መጣ። አሁንም በሜዳው፣ አሁንም 6 ለ 1። ዋንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሱት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እናቴ ያኔ ገና አላገባችም።

ልጁ ሲሄድ ዲስኩንና ከሂሳብ ደብተሩ የቀደደውን አንድ ወረቀት ትቶልኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይ አጥቂዎቹን በእርሳስ ደርድሯቸዋል። ሆኪ 12 አጥቂ ይዞ ይገባል፤ ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሠራሉ። አንዱ መስመር 45 ሰከንድ ያህል ነፍሱ እስኪወጣ ይሮጥና ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። የልጁ የመጀመሪያ መስመር “ክናይስ፣ ማቲውስ፣ ማርነር” ይላል። ሰኔ መጨረሻ ላይ በቴሌግራም ደወለ። “አጎቴ፣ ማርነር ሄደ። አጥፋው።” ላስ ቬጋስ በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ8 ዓመት ወሰደው። ለቶሮንቶ በምትኩ ኒኮላስ ሩዋ የሚባል መሐል አጥቂ መጣ። ማርነር በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር 27 ጎል አግብቶ 75 አቀብሏል። በላጲስ አጠፋሁት። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

“እና አንተ አስተካክለው” አለኝ። ቤቴ ፕሌይስቴሽን የለም። ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ቤት ሞከርኩ። አንዱ “የሰው ዲስክ አናስገባም” አለኝ። ሌላው አስገባልኝ፤ ግን ሒሳቡ በጨዋታ ብቻ ነው፤ ገና ስሞችን ሳገላብጥ “ወንድም፣ ትጫወታለህ ወይስ ታነባለህ?” ተባልኩ። የሸዋ በሩ ቤት ባለቤት እትዬ ግን ዲስኩን ገልበጥ አድርገው አዩና “አብሽር፣ አስገባው” አሉኝ። ጊዜውን የሚይዙት በምግብ ማብሰያ ሰዓት ነው። ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል።

ለእኔ ሥራ በሰዓት መክፈል የግድ ነበር። ዲስኩ አሮጌ ነው። ከ24 በኋላ ያሉት የሚሠሩት በፒኤስ 5 ስለሆነ እዚህ አይገቡም። ስለዚህ ቶሮንቶ በዚያ ክረምት ያመጣቸው ሰዎች ሁሉ ዲስኩ ላይ ድሮ በነበሩበት ናቸው። ሩዋ ገና ቬጋስ ነው። ዳኮታ ጆሹዋ ቫንኩቨር። ማቲያስ ማቼሊ አሪዞና፤ አሪዞና የሚባለው ቡድን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ዩታ ተዛውሮ የለም። የዲስኩን ፍሎሪዳ እውነተኛውን ለማስመሰል ደግሞ ብራድ ማርሻንድን ከቦስተን ማንሳት ነበረብኝ። ዝውውሩ ብቻ ሁለት ሰዓት በላ። 160 ብር ከፍዬ አንድም ጎል ሳላገባ ወጣሁ። ከኋላዬ የቆሙት ልጆች “ይሄማ ገና ነው! ሩሯ የታለች?” እያሉ ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፓኳን፣ የሆኪዋን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ፣ በዚያ ቴሌቪዥን ማየት ለእኔም ከብዶኝ ነበር።

በማግስቱ መስመር መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበውን አደረግኩ፤ ሌላውን ጎል አግቢ ኒላንደርን ማርነር ቦታ፣ ማቲውስ ጎን አስቀመጥኩት። ሞንትሪያልን 5 ለ 2 አሸነፍን። ከዚያ ፍሎሪዳ መጣና 4 ለ 1 ቀጣን። የመጀመሪያው መስመር በረዶው ላይ ሲሆን እሳት ነው። ሲወጣ ግን ቡድኑ ተከርችሞ የተቀመጠ ሱቅ ይሆናል። እትዬ ቡና እያቆሉ ሲያዩ ቆዩ። የተሁለደሬ ገበሬ ልጅ ናቸው።

“ጎበዝ ጎበዙን በሬ አንድ ላይ ጠምደህ፣ የቀረውን ማሳ በምን ልታርሰው ነው?” አሉኝ።

ስለ ሆኪ የሚያውቁት ከኋላዬ ቆመው ያዩትን ብቻ ነው። ግን ልክ ናቸው። ፍሎሪዳ በሰባተኛው ጨዋታ ቶሮንቶን የጨረሰው በትልልቅ ስሞቹ ብቻ አልነበረም። ሦስተኛው መስመር፣ ማርሻንድ፣ ሉንዴልና ሉኦስታሪነን፣ ሦስቱም ጎል አግብተዋል። እኔና ልጁ ስንት ቀን ሙሉ አንዲት የተፋቀች ቦታ ላይ ስናፈጥ፣ ቀዳዳው ከታች ነበር።

አፈረስኩትና እንደገና ሠራሁት። ኒላንደርን ወደ ሁለተኛው መስመር፣ ወደ መሐል አጥቂው ታቫሬስ መለስኩት። ታቫሬስ በዓመት ከ11 ሚሊዮን ዶላር ወደ 4.38 ሚሊዮን ወርዶ የፈረመ ሰው ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ለታችኞቹ እንዲሆን ነው ብዬ ተረዳሁት። ማቲውስ ጎን ማቼሊን አደረግኩ። ጎል አግቢ አይደለም፤ አቀባይ ነው። ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ2023/24 ብቻ 69 ጎል ያገባ ሰው ነው፤ የሚያስፈልገው ሌላ አግቢ አይመስለኝም፤ የሚሰጠው ሰው ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሩዋን መሐል፣ ጆሹዋን ግራ። ሥራቸው ማርሻንድን ማስመረር። አራተኛው ላይ ብዙ አልደከምኩም።

ፍሎሪዳን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፍኩ። በማግስቱ 2 ለ 1 ተሸነፍኩ። ግን ሁለቱም ቀን ሦስተኛው መስመሬ ሲገባ ትንፋሼን አልያዝኩም።

አሁን ወደ ቤቱ ጉድለት። ሦስተኛው ቴሌቪዥን ላይ ያለው ጆይስቲክ ግራ አናሎጉ ተበላሽቷል፤ ሳይነኩት ሰውዬው ወደ ግድግዳ ይንሸራተታል። ነግሬያቸዋለሁ፤ “ይሠራል ይሠራል” ነው መልሱ። ከ10 ሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ብርድ በመጋረጃው ስር ይገባል፤ ጃኬት ሳይዙ መሄድ ስህተት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጩኸቱ አይቻልም። ትልቁ በደል ግን ይሄ ነው፦ መስከረም ላይ አንዱ ልጅ “ሜሞሪ ሞላ” ብሎ ያስቀመጥኩትን ፋይል አጠፋው። ዝውውሩ ሁሉ ሄደ። እትዬ ልጁን በኩርኩም አሉትና ለእኔ አንድ ሰዓት ነጻ ሰጡኝ። እኔ ግን እንደገና ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ፋይል የሚቆለፍበት ነገር አያውቁም፤ አላወቁም ብዬ ልቆጣቸውም አልቻልኩም።

መብራት ሲሄድ ግን እንደ እሳቸው የሚሆን አላየሁም። የቀረህን ደቂቃ በደብተር ይጽፉልሃል። ባለፈው ሳምንት 23 ደቂቃ ነበረኝ፤ ከአራት ቀን በኋላ ስመጣ ሳልጠይቅ “ሃያ ሦስት አለህ” አሉኝ። ቡናውም አይቆጠርም።

ለልጁ ደውዬ ነገርኩት። ማቼሊን አልወደደውም። “ቀጭን ነው አጎቴ፣ ይጥሉታል” አለ። ወረቀቱ ላይ ስሙን ልጽፍ ስል ያቺ የሳሳች ቦታ በእርሳሱ ጫፍ ተበሳች። ከጀርባዋ ፕላስተር ለጠፍኩባት።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ሁለተኛውን ቴሌቪዥን ጠይቁ። በሰዓት ክፈሉ። ረቡዕና አርብ ከ8 ሰዓት በኋላ ጥግ ላይ ወረቀት ይዞ የምታዩት ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ፍሎሪዳን የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ፤ አሸንፎኝ የወጣ ሰው ሒሳቡ በእኔ ነው።