ከመጋረጃው ጀርባ ለቆሙት የቴአትር አስተባባሪያችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ላለፉት 3 ዓመታት የልጃገረዶች ትምህርት ቤታችንን የቴአትርና ድራማ ፕሮግራም ሲመሩልን የቆዩት ባለሙያ የውል ጊዜያቸውን ጨርሰው በዚህ ወር ተሰናብተውናል። በሽኝቱ ዕለት ንግግር እንዳደርግ ተጠይቄ ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው ንግግር ሲረዝም ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው በመሆናቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ያስቀረሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠራ ስለ ጠየቁኝ አልጠራውም፤ ሥራቸውን ግን ለሚፈልጋቸው ትምህርት ቤት ሁሉ ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ።

እኔ በትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ስሆን ተጓዳኝ የትምህርት እንቅስቃሴዎችን እከታተላለሁ። እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ዓመት ለወላጆች ቀን የቀረበውን ድራማ ያዘጋጀሁት እኔው ነበርሁ። ልምምድ የጀመርነው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ የዋናዋ ተዋናይት የሂሳብ ፈተና ከልምምዱ ጋር አንድ ቀን ዋለ፤ አልባሳቱ ደግሞ በዋዜማው ማታ ስንከፍታቸው ግማሾቹ ለልጆቹ አልሆኑም። ትርኢቱ ግማሹ በንባብ፣ ግማሹ በዝምታ አለፈ፤ የተሰማውም ጭብጨባ የእናቶች ጭብጨባ ነበር። ከዚያ በኋላ «ጥሩ አዘጋጅ እንፈልግ» ብለን ተነሣን። የጎደለን ፕሮግራሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስተዳድር ሰው መሆኑን የተረዳነው እኚህ ሴት ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መድረኩን ላሳያቸው ብነሣ «መድረኩ የትም አይሄድም» ብለው የፈተና መርሐ ግብራችንን፣ የተማሪዎች አውቶቡስ የሚነሣበትን ሰዓትና የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዘውን ሰው ጠየቁኝ። ከዚያም ወረቀት አውጥተው ትርኢቱ የሚታይበትን ቀን ከግርጌ ጻፉና ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ፤ የዋዜማው ቀን ለጠቅላላ ልምምድ፣ ከእርሱ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ለመብራትና ለድምፅ፣ ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት ስክሪፕት ሳይያዝ ተውኔቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማስኬድ፣ የፈተናው ሁለት ሳምንታት ደግሞ ምንም ልምምድ የማይደረግባቸው ተብለው ተሰመሩ። ከግርጌ ተነሥተው አናት ላይ ሲደርሱ 12 ሳምንት ሞላ። እኔ በሦስት ሳምንት ልሠራው የሞከርሁት ሥራ ይህ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰንጠረዥ በአዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ወደ ጎን ትዕይንቶቹ፣ ወደ ታች የልጆቹ ስም ተጽፎ፣ የትኛዋ ልጅ በየትኛው ትዕይንት እንደምትገባ ምልክት ተደርጎበታል፤ በየዕለቱ የሚጠሩትም በዚያ ቀን የሚሠራው ትዕይንት ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አራተኛው ትዕይንት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ግድግዳ ተደግፋ ከመቀመጥ የዳነችው በዚህ ሰንጠረዥ ነው። የወላጆች ቅሬታም በአብዛኛው በዚሁ ቆመ። ሁሉም ነገር በእርሳስ የተጻፈ ስለ ነበር «ለምን በእስክሪብቶ አይጽፉትም?» ብዬ ብጠይቃቸው ላጲሱን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።

የተውኔት ምርጫ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኞቹ ተውኔቶች ለወንድ የተጻፉት ገጸ ባሕርያት ይበዙባቸዋል፤ በእኛ ዘንድም ልማዱ ጢም ለጥፎ፣ ድምፅን አጎርንኖ ማለፍ ነበር። አስተባባሪያችን ጢሙን ከከለከሉ በኋላ ልጆቹን ክብ አስቀምጠው የሙያውን ታሪክ አጫወቷቸው። በእንግሊዝ የሕዝብ መድረክ ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 1660 ድረስ የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች እንደ ነበሩ፤ ካቡኪ የተባለውን የጃፓን ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1603 ኪዮቶ ላይ የጀመረችው ኢዙሞ ኖ ኦኩኒ የምትባል ሴት ሆና ሳለ መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከዚያው መድረክ እንዳገደ፤ በዚያችው አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የታካራዙካ የቴአትር ቡድን እስከ ዛሬ ድረስ የወንዶቹንም ሚና በሴቶች ብቻ እንደሚያስጫውት ነገሯቸው። አንዲት ልጅ «ታዲያ እነርሱ ጢም አይለጥፉም?» ብላ አሳቀችን። መልሱ ግን የመጣው በሥራ ነበር። ሽማግሌ ዳኛ ሆና የምትጫወተው ተማሪ ግማሽ ውኃ የተሞላ ባልዲ ተሰጥቷት፣ ሳታፈስ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ለአንድ ሳምንት እንድትመላለስ ታዘዘች። በሳምንቱ ባልዲው ሲወሰድ እርምጃዋ እንደ ከበደ፣ አንገቷም ሳትዞር ዓይኗ ብቻ እንደሚዞር አየን። ያለ ጢም፣ ያለ ጉርነና ድምፅ ዳኛው መጡ።

ተውኔቱ ከተመረጠ በኋላ ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት ስቸኩል ያስቆሙኝም እርሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የደራሲያን መብት ውል፣ ኋላ ላይ እንደ ተሻሻለው፣ የአንድ ድርሰት ጥበቃ ቢያንስ የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ያሉትን 50 ዓመታት እንደሚያጠቃልል፣ በመድረክ ለማሳየትም የባለመብቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስረዱኝና የፈቃድ ደብዳቤውን አርቅቀው አስፈረሙኝ። ሁለት ትዕይንቶችን ለማሳጠር ፈቃድ የጠየቁትም በዚያው ደብዳቤ ነው። ስንት ዓመት ሳናስፈቅድ እንዳሳየን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ለምርጫ የቀረቡት 41 ልጆች ሲሆኑ በተውኔቱ ውስጥ ያሉት ሚናዎች 14 ነበሩ። ከዚህ በፊት ቢሆን 27ቱን «ለሚቀጥለው ዓመት» ብለን እንሸኛቸው ነበር። እርሳቸው ግን የመብራት፣ የድምፅ፣ የአልባሳት፣ የመድረክ ቁሳቁስ፣ የመግቢያ ትኬትና የአዳራሽ አስተናጋጅነት ቡድኖችን አቋቁመው እያንዳንዱን ቡድን በሚናዎቹ ልክ የተጻፈ የሥራ ዝርዝር ሰጡት። ከእነዚህ ውስጥ ስለ አንዲት ልጅ ሳልናገር ባልፍ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አልተነገረም ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት የመድረክ አስተዳዳሪ እንድትሆን የመረጧት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ የምትቸገር ነበረች። እኔም ሆንሁ የክፍል ኃላፊዋ ምርጫውን ተቃውመን ነበር። የተሰጣት ወፍራም ፋይል ነው፤ በቀኙ ገጽ ተውኔቱ፣ በግራው ባዶ ገጽ ደግሞ በራሷ እጅ በቀይ የመብራት፣ በሰማያዊ የድምፅ፣ በአረንጓዴ የተዋንያን መግቢያና መውጫ ምልክቶች ተሰልፈውበታል።

በሁለተኛው ምሽት ዋናዋ ተዋናይት ከገጽ 31 ዘላ የገጽ 34ን ቃለ ተውኔት ጀመረች። በተዘለሉት ገጾች ውስጥ ደብዳቤው የሚመጣበት ቦታ ስለ ነበር ያለ እርሱ የቀረው ታሪክ ትርጉም የለውም። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ ሦስት ቅጠል ገለጠች፤ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈችና በእጅ ሬዲዮው «መብራት 17ን እለፉት፤ 19ን ያዙ» አለች፤ ቀጥላም ደብዳቤ አምጪዋን በክንዷ ይዛ በወዲያኛው በኩል አዙራ አስገባቻት። ተመልካቹ አንዳች ነገር አላወቀም። አስተባባሪያችን በዚያ ሰዓት ከመድረክ ጀርባ አልነበሩም፤ መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ትርኢቱ የመድረክ አስተዳዳሪዋ ነው ብለው ስለሚያምኑ ከተመልካቹ ጋር በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሲያልቅ ሮጬ ሄጄ «አዩት?» ብላቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አዞሩልኝ። «ገጽ 31፤ በደንብ ተያዘ» ይላል። ያን ማታ ለልጅቷ ያነበቡላትም ይህንኑ ነው፤ ሌላ ሙገሳ አልጨመሩም፤ እርሷም ሌላ የፈለገች አልመሰለኝም።

የልጆቹን ደኅንነት በተመለከተ የነበራቸው ጥንቃቄ ወላጅ የሆነ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ልምምድ ያለ ሁለት ዐዋቂዎች አይካሄድም፤ የመለማመጃው ክፍል በር አይዘጋም፤ የልብስ ልኬት ቤት ውስጥ ተሞልቶ በወረቀት ይመጣል፤ ወላጅ በጽሑፍ ያልፈቀደላት ልጅ ፎቶዋ የትም አይለጠፍም። በኤሌክትሪኩም ጉዳይ እንዲሁ ነበሩ። በአንድ መስመር ላይ አራት ባለ 1,000 ዋት ፓውዛዎች ሰክተን ብሬከሩ በየደቂቃው ሲወርድብን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከፍ ያለ ብሬከር ሊቀይርልን ነበር። እርሳቸው ወረቀት ላይ 220 ቮልትን በ16 አምፔር አባዝተው መስመሩ የሚችለው 3,520 ዋት መሆኑን አሳዩንና ብሬከሩ ከፍ ቢል የሚግለው የግድግዳው ሽቦ እንደሆነ አስረድተው ፓውዛዎቹን ለሁለት መስመር አከፋፈሏቸው።

በሩን በተመለከተ ግን ተጣልተናል ማለት ይቀላል። ያለ ትኬት የሚገባ ሰው እንዳይኖር የጎኑን በር አስቆልፌ ነበር። እርሳቸው በሩ ካልተከፈተ መጋረጃው አይከፈትም አሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎው የኢሮኮይ ቴአትር በመድረክ መብራት ምክንያት በተነሣው እሳት ከ600 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቆለፉና ለመክፈት የሚያስቸግሩ በሮች ለብዙዎቹ መጥፊያ እንደ ነበሩ ጠቅሰው፣ ወንበር ስበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቁልፉ ተፈልጎ እስኪመጣ ትርኢቱ 20 ደቂቃ ዘገየ። በሰዓት ቀልድ የማያውቁት ሴት ለዚያ 20 ደቂቃ ቅር ሲላቸው አላየሁም።

ጥቆማ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ስለማይታመን የሚያስቸግሩበትንም ልጻፍ። ንግግራቸው ደረቅ ነው፤ የማይቻለውን «አይቻልም» ይላሉ እንጂ «እናያለን» አይሉም። አንድ የኮሚቴ አባል ለልጃቸው ዋናውን ሚና ሲጠይቁ በጨዋ ደንብ፣ ግን ሰው በተሰበሰበበት እምቢ ብለዋቸው አንድ ወር ሙሉ እኔ ስሸመግል ከርሜአለሁ። የሒሳብ ሪፖርታቸው ሳንቲም ሳይጎድል ይመጣል፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ሳይታወሱ አይልኩትም። ወላጆች በትርኢቱ ሰዓት በስልክ እንዳይቀርጹ የከለከሉበት ውሳኔም ለእኔ እስከ ዛሬ የጠነከረ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ተዋንያኑ በመጨረሻ እጅ ሲነሡ መቅረጽን ቢፈቅዱ ምን ነበረበት እላለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለበዓል የሚደርስ ድራማ የሚፈልግ ትምህርት ቤትም ባያስቸግራቸው ይሻላል፤ ጥያቄውን አይቀበሉትም።

ሲሄዱ ያስረከቡን ዕቃ ቤት ልብሶቹ ታጥበው፣ መጠናቸው ተጽፎባቸው በየሣጥኑ ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ትርኢት የመብራት ንድፉ፣ የልምምድ ሰንጠረዡና «የተሳሳትናቸው» የሚል ርእስ ያለው አንድ ገጽ በየፋይሉ ገብቷል፤ በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ የተቆለፈው በር ከነ ስሜ ሰፍሮ አግኝቼዋለሁ። ያቺ የመድረክ አስተዳዳሪ አሁን 10ኛ ክፍል ሆና ሁለት ተተኪዎችን እያሠለጠነች ነው። ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ በር ሳልፍ የአዲሱ ዓመት ሰንጠረዥ ተለጥፎ አየሁት፤ በእርሳስ ነው።

ባለሙያዋ ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲስ ሥራ ለመቀበል ዝግጁ ናቸው። በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሠሩት ልምድ የዳበረ ቢሆንም በቅይጥ ትምህርት ቤቶችም ሠርተዋል። ውል ስትዋዋሉ ለአልባሳትና ለመብራት ራሱን የቻለ በጀት፣ የሚቆለፍ ዕቃ ቤትና ልምምዱን አብሮ የሚከታተል አንድ ቋሚ መምህር ወይም መምህርት መመደብ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ እወቁ፤ እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ አይፈርሙም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመልእክታችሁ ጋር የፈተና መርሐ ግብራችሁን አያይዙት፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።