ብሬኑ አይደለም የሚነክሰው፣ ሰንሰለቱ ነው

ፒኬኤምን፣ በእኛ አጠራር ብሬን የምንለውን የሩሲያ መትረየስ፣ የሚያሻሽጥ ሰው ሁሉ ከክብደቱ ይጀምራል፤ 7.5 ኪሎ። እውነት ነው። የቤልጅጉ መትረየስ ኤፍ ኤን ማግ ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህን ልዩነት ትከሻ ያውቀዋል። ቀጥሎ «ጭቃም አሸዋም አይበግረውም» ይላል። እዚህ ላይ ግን ይቆይልን! መሣሪያውን አይበግረውም፤ ሰንሰለቱን ይበግረዋል። ከወራት አገልግሎት በኋላ ምድብተኛን (ተኳሹንና ረዳቱን) የሚያስመርረው ይኸው የጥይት ሰንሰለት ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከጥይቱ ነው። የፒኬኤም ጥይት 7.62 በ54 ሚሊሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1891፣ ከዓድዋ 5 ዓመት ቀድሞ የወጣ፣ ቂጡ ላይ ጠርዝ ያለው ጥይት ነው። ጠርዙ ስለሚይዘው ወደፊት ገፍቶ ከሰንሰለቱ ቀለበት ማስወጣት አይቻልም። መሣሪያው መጀመሪያ በመንጠቆ ወደኋላ ይመዘዋል፣ ወደታች ያወርደዋል፣ ከዚያ ነው የሚያጎርሰው። ቀለበቱ ከዛገ ወይም በጫማ ተረግጦ ከጠበበ መንጠቆው መምዘዝ ያቅተዋል፤ ተንቀሳቃሹ ክፍል ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ መንገዱን ሳይሞላ ይመለሳል። ነከሰ፣ ተኩሱ ቆመ ማለት ነው። (የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት፣ በቼክዋ ብርኖና በእንግሊዟ ኤንፊልድ የተሰየመው ብሬን፣ ካዝናው ከላይ የሚሰካ ስለነበር ይህን ጣጣ አያውቀውም።)

ታዲያ ብዙው ሰው ምን ያደርጋል? ተንቀሳቃሹን ክፍል የሚገፋውን የባሩድ ጋዝ መጠን የሚወስነውን መቆጣጠሪያ ከ1 ወደ 3፣ ወደ ከፍተኛው፣ ያዞራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ይተኩሳል፣ አዎ፤ ግን ንጹሕ መሣሪያ በ3 ሲሠራ ተንቀሳቃሹ ክፍል ከኋላ እየተላተመ አካሉን ይጎዳዋል። 2 እና 3 ጥላሸትና አቧራ በዝቶ መወልወያ ጊዜ ለጠፋበት ሰዓት ናቸው። እንደተወለወለ ወደ 1 ይመለስ።

የ100 ጥይቱ ሰንሰለት አራት ባለ25 ቁራጭ ነው። ቁራጮቹን የሚያያይዛቸው ጥይቱ ራሱ ስለሆነ፣ ሲተኮስ ተለያይተው በግራ በኩል መሬት ላይ ይወድቃሉ። የሚረገጡትም እዚያ ነው፤ ረዳቱ ቶሎ ያንሳቸው። በናፍጣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ ይበቃል፤ ዘይት የጠገበ ሰንሰለት አቧራ ይጠራል። የተጣመመ ቀለበት ያለበትን ቁራጭ በፒንሳ አቃናለሁ ብሎ መታገል ትርፉ ድካም ስለሆነ ይጣል። ሲሞላ የጥይቶቹ ቂጥ አንድ መስመር ይያዝ፤ አንዷ ወጣ ወይም ገባ ካለች የምታስነክሰው እሷ ነች።

በርሜሉ ላይ ቅሬታ የለም። ለመቀየር ክዳኑን ከፍቶ፣ መቆለፊያውን ወደ ግራ ገፍቶ፣ በእጀታው ወደፊት መሳብ ነው። የሌላ ብሬን በርሜል ግን አይዋስ፤ ቁጥሩ ከመሣሪያው ጋር መግጠሙ ይታይ። በደቂቃ 650 ጥይት የሚሉትንም ለካታሎጉ ይተዉለት፤ በተግባር የሚተኮሰው 250 ነው።

ይህ ሁሉ ተብሎም፣ ምረጥ ቢባል ምርጫው ያው ፒኬኤም ነው። ብቻ ሲረከቡ አፈሙዙን አይተው አይፈርሙ። ሰንሰለቱን ዘርግተው አንድ ጥይት በየቀለበቱ እያስገቡ በእጅ ወደኋላ ይምዘዙ፤ የታገለውን ቁራጭ እዚያው ለንብረት ክፍሉ ይመልሱ።