"ቺካጎ! ቺካጎ! ሁለት ሰው የቀረው!" ልጄ ስለተማረችበት የክረምት እንግሊዝኛ

ክረምት ሲመጣ ጎንደር ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ጭንቀቱ አንድ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ይደፋሉ። ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል የጨረሰችውን ልጄን አንድ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ አስገባኋት። ሁለት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ክፍያው ከሌሎቹ ወደድ ይላል። ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው "እንዴት ነው?" እያለ ስለጠየቀኝ ነው የምጽፈው። የማመሰግነውም የማማርረውም ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም፤ ትምህርቱን ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ ልጅ ስታስመዘግቡ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሳስመዘግባት የነገሩኝ "ግራመር፣ ስፒኪንግ፣ ሪዲንግ" ብለው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስትመለስ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ "እማዬ፣ ዛሬ ከቦስተን ተነሳን" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንበሮቹን እንደ ሚኒባስ ሁለት ሁለት አድርገው ደርድረዋቸዋል። ፊት ሾፌር አለ፣ በር ላይ ረዳት አለ፣ ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው፣ በየቀኑ ይቀያየራሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ "ቺካጎ! ቺካጎ! ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። ልጆቹ በወረቀት የሠሩትን ዶላር ከፍለው፣ መልስ ተቀብለው፣ ቦታ ጠይቀው ይቀመጣሉ፣ ይሄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከተማው ሲደረስ "ወራጅ አለ!" ይባላል። እሱን ብቻ በአማርኛ ፈቅደውላቸዋል። ሃያ ልጅ አንድ ላይ "ወራጅ አለ!" ሲል ደረጃው ድረስ ይሰማል፤ ልጄን ለመውሰድ ቀደም ብዬ የምሄደው ይሄን ለመስማት ነበር።

በስምንት ሳምንት አስራ ሁለት ከተማ ነው የያዙት። ከቦስተን ተነስተው በኒውዮርክ፣ በፊላደልፊያ፣ በዋሽንግተን አድርገው ወደ ደቡብ፣ አትላንታና ሞንትጎመሪ። ከዚያ በሜምፊስና በሴንት ሉዊስ ወደ ቺካጎ፣ ከቺካጎ ወደ ምዕራብ። እያንዳንዱ ልጅ የጉዞ ደብተር አለው። ከተማው መቼ ተመሠረተ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዝን፣ ስንት ጋሎን ቤንዚን ፈጀን፣ ምን አየን፣ ይጽፋሉ። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ፣ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ ብዬ የላክኋት ልጅ ማታ ማታ ማባዛትና ማካፈል ላይ ናት።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ክሩ ነው። አስተማሪው ቀይ የልብስ ስፌት ክር አመጡና ከጎንደር አዲስ አበባ ያለውን መንገድ፣ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአሜሪካው ካርታ መለኪያ ልክ ቆረጡት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሰጡ። "ጎንደር ክር" ይሉታል ልጆቹ። ልጄ ክሯን ደብተሯ ውስጥ በፕላስተር ለጥፋ፣ በፈለገች ጊዜ ነቅላ ታወጣዋለች፤ ጫፉ ከመነካካቱ ብዛት ጠቁሯል። ከኒውዮርክ ዋሽንግተን ግማሽ ክር ነው። ሩት 66 የሚባለው፣ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ቁጥር የተሰጠው ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ ባህር ዳርቻ የሚደርሰው የድሮ መንገድ፣ 3,940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አምስት ክር ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ማታ ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ክሩን በመንገዱ መታጠፊያ ሁሉ እያጠማዘዘች ስትለካ አየኋት። አዲስ አበባ አንዴ ሄዳለች፣ በአውቶቡስ፣ ሙሉ ቀን ፈጅቶባት፣ ዓባይ በረሃ ላይ አስመልሷት። ስለዚህ አንድ ክር ማለት ምን ያህል ድካም እንደሆነ በሆዷ ታውቀዋለች። "አምስት ጊዜ ተኩል?" አለችኝ ቀና ብላ። ይሄን ፊት ማንም መጽሐፍ አያመጣውም።

ሁሉም ነገር በጎንደር ነው የሚለካው። ዘመኑም እንዲሁ። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው፤ ቦስተን አጠገብ ያለው ሃርቫርድም የተመሠረተው በዚያው በ1636 ነው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ እንዴት እንደጮሁ ልጄ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ፊላደልፊያ በ1682፣ ኒው ኦርሊንስ በ1718፣ ቺካጎ ደግሞ ትንሽ ከተማ ተብላ የተቋቋመችው በ1833 ነው፤ ጎንደር ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት ሲል ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ ወደኛ አቆጣጠር ስለሚያስቀይሯቸው ሰባት ነው ስምንት የሚቀነሰው እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። ቅዳሜ ዕለት በፋሲል ግቢ አጥር አጠገብ ስናልፍ ቆም ብላ "ይሄ ሲሠራ ቺካጎ ሜዳ ነበረች" አለችኝ። በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፈናል፣ ግን ግቢውን እንዲህ አይታው አታውቅም።

ቺካጎ ላይ ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ እኔ በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ አልሠራም፣ አስተማሪው ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ ሐይቁንና ወንዙን ሳሉ። የሚቺጋን ሐይቅ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጣና አስራ አምስት እጥፍ በላይ። ከተማዋ ቆሻሻዋን በወንዙ ወደ ሐይቁ ትለቅ ነበር፣ የምትጠጣውም ከዚያው ሐይቅ ነበር። ስለዚህ ቦይ ቆፍረው በ1900 የወንዙን አቅጣጫ ገለበጡት፤ ወደ ሐይቁ ይፈስ የነበረው ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ሚሲሲፒ በኩል መሄድ ጀመረ። ከዚያ አንዱ ልጅ "ታዲያ ከታች ያሉት ሰዎችስ?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ጥያቄው ልክ ነው፣ ያኔም የሴንት ሉዊስ ከተማ ያለባት የሚዙሪ ግዛት ከስሳ ነበር። በፕሮጀክተር ቢሆን ይሄ ጥያቄ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ስላይዱ ያልፍ ነበር።

ሞንትጎመሪ የዋሉ ዕለት ልጄ ዝም ብላ ነው የመጣችው። ሮዛ ፓርክስ ታኅሣሥ ወር ላይ በ1955 አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበር አልለቅም ብላ የታሰረችባት ከተማ ናት። የፊቱ ወንበር ለነጮች የተከለለ ነበር፤ ጥቁር ተሳፋሪ ከፊት ሂሳቡን ከፍሎ፣ ወርዶ፣ ዞሮ በኋላ በር እንዲገባ ብዙ ጊዜ ይገደድ ነበር። አስተማሪው ልጆቹን ይሄን አስመስላችሁ ሥሩ አላሏቸውም፣ ለዚህ ሳላመሰግናቸው አላልፍም። ሚኒባሱን ብቻ ባዶ አደረጉት። ሁሉም ልጆች ወርደው ግድግዳ ጥግ ቆሙ። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች ለ381 ቀን አውቶቡስ አልተሳፈሩም፣ በእግራቸው ሄዱ፣ በመኪና ተጋገዙ፣ ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ፈረደላቸው። "ከአዘዞ ፒያሳ በእግር፣ በየቀኑ፣ ከዓመት በላይ፣ ትችላላችሁ?" ብለው ጠየቋቸው። አዘዞ የሚኖሩ ሁለት ልጆች አሉ፣ መንገዱን ያውቁታል። የዚያን ቀን የልጄ ደብተር ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ዛሬ መኪናው አልተነሳም።"

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ የታተመው ወረቀት። በሦስተኛው ሳምንት በሰጧቸው ካርታ ላይ ዋሽንግተን ዲሲን በሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ የዋሽንግተን ግዛት ላይ ነው ያስቀመጡት። አንዱ አገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ ነው፣ ሌላው ምዕራብ ጫፍ። ልጄ ክሯን ዘርግታ "ከፊላደልፊያ እዚህ እንዴት በአንድ ቀን ደረስን?" ብላ ነው ያገኘችው። ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ስነግራቸው "ያው ነው፣ ዋሽንግተን ነው" አሉኝ። ያው አይደለም! ከተማሪዎቹ አንዱ አጎቱ ሲያትል ነው የሚኖሩት፤ "አጎቴ ዋሽንግተን ነው" ሲል ጓደኞቹ ዲሲ መስሏቸው ተሟግተውታል፣ ልጁ ግን ልክ ነበር። አስተማሪው ሲሰሙ በማግስቱ በእጃቸው አርመው አመጡ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ይቅርታ እንኳ አላለም።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው ተቻኮለ። የመዝጊያ ፕሮግራም ልምምድ ተብሎ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተበሉ። ቲሸርት ተብሎም ተጨማሪ ብር ተጠየቅን፣ ሲመዘገቡ ያልተነገረን። ሳን ፍራንሲስኮንና ሎስ አንጀለስን በአንድ ቀን ጨረሷቸው። ከዴንቨር ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ክር የማይሞላ ግን በረሃውም ተራራውም ያለበት መንገድ ነው፣ በአንድ ከሰዓት አይታለፍም። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት የደረሰባትን ከተማ፣ በ1937 የተከፈተውን ጎልደን ጌት ድልድይ፣ ይሄን ሁሉ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር እኔ ነኝ የጨረስኩት። የድልድዩ የመካከለኛው ክፍል ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 1,280 ሜትር ነው፤ ባህር ዳር ላይ ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ሦስት ጊዜ ከምናምን። አስራ ሁለት ከተማ ብዙ ነው። ስምንት አድርገው፣ ሁሉንም እንደ ቺካጎ ረጋ ብለው ቢሄዱበት እመርጣለሁ። ቲሸርቱ ደግሞ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ይሄም ሆኖ በሚመጣው ክረምት እመልሳታለሁ፣ እኚሁ አስተማሪ ካሉ ማለቴ ነው። ከሌሉ አላውቅም። እንግሊዝኛዋ ተሻሽሏል፣ ይሄ የሚታይ ነው፤ ስህተት ሳትፈራ ትናገራለች፣ መልስ ጎደለኝ ብላ ረዳቱን ስትሟገት ሰምቻታለሁ። ከዚያ በላይ ግን አሜሪካ ለእኛ ልጆች ምን እንደነበረች እናውቃለን። ዲቪ ናት፣ ዶላር ናት፣ ጫማ የሚላክባት አገር ናት። ልጆቻችን እንደ ልብ ወጥተው የራሳቸውን አገር እንኳ ማየት ባልቻሉበት በዚህ ጊዜ፣ አንድ ሰው ወንበር ደርድሮ፣ ክር ቆርጦ፣ ሩቅ አገር መንገድ ያለው፣ ውኃ ያለው፣ ሰው የተበደለበትና የታገለበት ቦታ መሆኑን ሲያሳያቸው፣ እኔ ክፍያው ወደድ አለ ብዬ አልከራከርም።

እህቴ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው የምትኖረው። እኛ ማታ ሁለት ሰዓት ስንደውል እዚያ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ድሮ ልጄ ስልኩን ስትቀበል "አክስቴ፣ ደህና ነሽ? ጫማዬ ጠቦኛል" ነበር ንግግሯ። የዴንቨርን ትምህርት የጨረሱ ዕለት ግን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "አክስቴ፣ ከባህር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው ያለሽው?" አለቻት። እህቴ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ስንት ዓመት ኖራበት አስባው አታውቅም። ልጄ ነገረቻት፦ ዴንቨር ልክ አንድ ማይል ከፍታ ላይ ናት፣ 1,609 ሜትር፣ የግዛቱ ምክር ቤት ደረጃ ላይም ተጽፏል፣ ሄደሽ እዪው።

እሑድ ፎቶ መጣልን። እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንዳጣፋች እዚያ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆማለች፣ ጽሑፉ ከእግሯ ሥር ይታያል። ልጄ ፎቶውን አሳትማ ደብተሯ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ በእርሳስ "ጎንደር ከ500 ሜትር በላይ ትበልጣለች" ብላ ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።