10 ዲግሪ ብለው ለብ ያለ ውሃ ሸጡልኝ

ሰውን ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያፈራረቁ ከሚነክሩበት ስፓ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እነዚህን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋዋን፣ ሻማ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ከዚያ «ፓኬጅ ብትገዢ ይሻልሻል» የምትል ልጅ። ሙቁ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ቀዝቃዛው ውስጥ 1 ደቂቃ፣ እያፈራረቁ። ከሩጫ በኋላ ባቴ ስለሚተሳሰርብኝ የፈለግኩት ይኼንኑ ነበር። የ10 ጊዜውን ባንዴ ከፈልኩ።

በ10 ዲግሪ ውሃ የተነከረ ሰው ያውቀዋል፦ ደረት ይጨመደዳል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። እኔ ገና የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆንኩም። ስጠይቃት «ሰውነትሽ ጠንካራ ስለሆነ ነው» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን 10 ይላል፤ የገዛ ቆዳዬን ትቼ ስክሪኑን አመንኩ። አራት ቀን ሙሉ! የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ዛሬ አምስተኛዬ ነበር። ስደርስ ቀዝቃዛው ገንዳ ሊታጠብ ውሃው ተለቅቆ ደርቋል፤ የሙቀት መለኪያው ሽቦ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። 10። ሽቦውን አንስቼ በመዳፌ ጨበጥኩትና ጠበቅኩ። 10። ሙቁ ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። አሁንም 10።

ልጅቷን ጠራኋት። ከስልኳ ቀና ሳትል «እሱ ለማሳያ ነው እኮ» አለችኝ።

ገንዘቤን መልሱልኝ ስል የፈረምኩበትን ወረቀት አምጥታ የማይመለስ የሚለውን መስመር በጥፍሯ አሳየችኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ «አራት ቀን ተመችቷት አልነበር እንዴ? ዛሬ ምን ሆነች?» ይላል፤ እዚያው ቆሜ እየሰማሁት።

ያን ወረቀት አሁን ደግሜ ሳነበው ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ እርግዝና አንድም ጥያቄ የለበትም። ድንገተኛ ቅዝቃዜ የደም ግፊትን ሽቅብ ይሰቅላል። ደግሞስ የቀዝቃዛውን የዋሸ ቤት የሙቁን ለምን እውነት ይነግረኛል? 40 ብለው 46 ዲግሪ ውስጥ ቢከቱኝስ? «መርዝ ከሰውነት ያወጣል» የሚሉትንም እሺ ብዬ ሰምቻለሁ፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ መሆኑን እያወቅኩ።

የምትሄዱ ካላችሁ የራሳችሁን ቴርሞሜትር ያዙ። ቀዝቃዛው ከ10 እስከ 15፣ ሙቁ ከ38 እስከ 40 ቢሆን ነው። የምትከፍሉትም የአንድ ቀኑን ብቻ ይሁን።

ደረቁን ገንዳና 10 የሚለውን ስክሪን አንድ ላይ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። ነገ ይዤ ለአቤቱታ እሄዳለሁ።