ገመድ፣ ባር ወይስ ክሬን? የቆመ ፒካፕ ለመጎተት የቱ ይሻላል

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ፒካፕ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቀጥ አለ። ጋራዡ ለገሃር ነው። ቅርብ ነው፣ ደግሞም ቁልቁለት ነው ብለን በገመድ አሰርነውና በእኔ መኪና መጎተት ጀመርን። ቸርችል ጎዳና መሀል ስንደርስ መብራት ያዘን። እኔ ፍሬን ስይዝ ገመዱ ላላ፣ ወንድሜ ግን መቆም አልቻለም። ከኋላ መታኝ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መጎተቻ ያገኘሁትን መካኒክ ሁሉ ስጠይቅ ቆይቻለሁ። መጎተቻ ልትገዙ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ወንድሜ ለምን መቆም እንዳቃተው ልንገራችሁ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም ይጠፋል። ፔዳሉ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን ከባድ ጉልበት ይጠይቃሉ። ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ስለዚህ በማንኛውም መንገድ ስትጎተቱ ቁልፉ ተሰክቶ፣ መሪው ተከፍቶ ይሁን።

ገመድ ርካሹ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሦስት ዓይነት ያሳዩዋችኋል። ናይለኑ ይለጠጣል። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ለማውጣት ጥሩ ነው፣ አስፋልት ላይ ግን የኋላውን መኪና ያወዛውዘዋል። ጠፍጣፋው ፖሊስተር ብዙም ስለማይለጠጥ ለከተማ እሱን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ካቦ፣ ማለት የብረት ሽቦ ገመድ፣ ጠንካራ ይመስላል፣ ሲበጠስ ግን ተወርውሮ ሰው ይቆርጣል። እኔ አልገዛውም፣ ለማንም አልመክርም።

ስለ አቅሙ ሻጩን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ደብል ካብ ሃይሉክስ ባዶውን 2 ቶን ገደማ ነው፣ ሲጫን ወደ 3 ቶን ይጠጋል። 3 ቶኑን 10 በመቶ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ለመሳብ የሚበቃው ጉልበት ከ300 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ገመድ የሚበጥሰው የላላው በድንገት ሲወጠር ነው። ያኔ ጉልበቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመኪናውን ክብደት ቢያንስ 2 ወይም 3 እጥፍ የሚችል ይሁን። ስታስሩትም ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ እንጂ ፓራውልት ላይ አይሁን።

የገመድ ትልቁ ችግር ግን ጥራት ሲኖረውም አይጠፋም። ገመድ ይስባል፣ አያቆምም። ከፒያሳ ወደ ታች፣ ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ፣ መሀል ከተማችን ቁልቁለት ነው። ገመድ የሚጠቅመው መኪናውን ከመንገድ ለማውጣትና ሜዳ ላይ አጭር ርቀት ለመሄድ ነው።

ባር ይህን ችግር ይፈታል። ብረት ስለሆነ ርቀቱ አይለዋወጥም፣ የኋላው መኪና መጥቶ አይመታችሁም። ሁለት ዓይነት አለ። ቀጥ ያለው አንድ ዘንግ ከኋላ መሪ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ባለ ሁለት እግሩ ደግሞ ከኋለኛው መኪና ሻንሲ ጋር ሁለት ቦታ ይያያዛል፣ የፊት ጎማዎቹም ራሳቸው እየዞሩ ይከተላሉ። አሜሪካኖች አልጋና ማድቤት ካለው ትልቅ መኪና፣ ከሞተርሆም ኋላ ፒካፕ በአራት ጎማው እየጎተቱ ረጅም መንገድ የሚሄዱት በዚህ ነው። እነሱ ግን ሁለት ነገር ይጨምራሉ፤ ባሩ ቢለቅ የሚይዝ ሰንሰለት፣ እና የኋላውን መኪና ፍሬን የሚረግጥ መሣሪያ። ያለዚያ የሁለቱ መኪና ክብደት በፊተኛው ፍሬን ላይ ይወድቃል። እዚህ ብየዳ ቤት ባር ስታሠሩ ሰንሰለቱን አትርሱ። ብየዳውን በዓይናችሁ አይታችሁ ተቀበሉ። በባር ወደ ኋላ መሄድም አይቻልም፣ ጎማዎቹ ይጣመማሉ።

ገመድም ሆነ ባር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ካምቢዮውን እዩ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው። በአብዛኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማ ሲዞር የካምቢዮው ውስጥ ዘይት ሳያገኝ ይፋጫል። ፍሪ ላይ ማድረጉ ብቻ አያድነውም። ማንዋል የተሻለ ይችላል፣ እሱም ቢሆን አጭር ርቀትና ቀስ ብሎ ነው። አንዳንድ ፎር ባይ ፎር መኪና፣ ለምሳሌ ጂፕ ራንግለር፣ ካርዳኑን፣ ማለት ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ከካምቢዮው የሚለይ ፍሪ ስላለው ሩቅ ይጎተታል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ፍጥነቱና ርቀቱም እዚያው አለ።

ለአውቶማቲክ ክሬን ይጠራ። ክሬንም ይለያያል። የፊት ሁለት ጎማ ብቻ የሚያነሳው በፊት ጎማው ለሚነዳ የቤት መኪና ይበቃል። አብዛኛው ፒካፕ ግን የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። ፊቱ ሲነሳ የሚዞሩት እነዚያው ካምቢዮውን የሚያዞሩት ጎማዎች ናቸው። ወይ ካርዳኑ ይፈታ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጭን ክሬን ይምጣ። ስትደውሉ ይህን በግልጽ ንገሩ። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚሁ ተጭኖ ይሂድ፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ዋጋውን መኪናው ከመጫኑ በፊት ተስማሙ።

እኔ ፖሊስተር ገመድ ገዝቼ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጫለሁ። የወንድሜ ፒካፕ ማንዋል ነው። እሱና ሁለት ጎረቤቶቹ አዋጥተው ባለ ሁለት እግር ባር ከነሰንሰለቱ አሠርተዋል። የእኔ አውቶማቲክ ስለሆነ ሙሉ የሚጭን ክሬን ያለው ሰው ስልክ ቁጥር ይዣለሁ።