«ነፃ የእግር ምርመራ» ተብላችሁ ጤነኛ ደም ሥር እንዳታስቃጥሉ

አሜሪካ ውስጥ ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ መጋዘን፣ ሆስፒታል ቆማችሁ ለምትውሉ ሁሉ፦ «እግርዎ ይከብድዎታል? ያብጣል? ምርመራው ነፃ ነው፣ ሕክምናውን ኢንሹራንስ ይሸፍናል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቀስ በሉ። ሕክምናው ጥሩ ነው። መጥፎው አሻሻጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ባታችሁ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች አይታችሁ ትገባላችሁ። አልጋ ላይ አስተኝተው አልትራሳውንድ ትንሽ ያንሸራትቱና «በሁለቱም እግርዎ ቫልቮቹ ያፈሳሉ፤ ዝም ካሉት ይቆስላል» ይሏችኋል፤ ቫልቭ ማለት በሥሩ ውስጥ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጋ በር ነው። ከዚያ ለአራት ወይም ለስድስት ቀጠሮ ያስፈርሟችኋል፤ በየቀጠሮው አንድ ደም መልስ ሥር እንዲዘጋ በሙቀት ይቃጠላል። ለምን አንድ አንድ? በራዲዮፍሪኩዌንሲ (በራዲዮ ሞገድ ሙቀት) ለሚዘጋ የመጀመሪያ ሥር ለኢንሹራንስ የሚጻፈው የክፍያ ኮድ 36475 ነው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው እግር ለሚጨመረው ግን 36476፣ ክፍያውም ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነው። በሌላ ቀን ሲሠራ እንደገና «የመጀመሪያ» ይሆናል፤ እናንተም ኮፔይ (ከኪሳችሁ የሚወጣውን ድርሻ) እንደገና ትከፍላላችሁ። የማደንዘዣው መጠን ገደብ ስላለው ሁለቱን እግር በተለያየ ቀን መሥራት አግባብ ሊሆን ይችላል። አንዱን እግር በሦስት ቀን መከፋፈል ግን በቂ ምክንያት ይፈልጋል፤ ጠይቁ።

የማጭበርበሩ በር ምርመራው ነው። ደም ወደ ታች መመለሱ የሚለካው ቆማችሁ፣ ክብደታችሁን በሌላው እግር ላይ አድርጋችሁ፣ ባታችሁ ተጨምቆ ሲለቀቅ ነው። ከቆዳ ሥር ባሉት ሥሮች ደሙ ከ0.5 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ከፈሰሰ ቫልቩ ሰንፏል ይባላል፤ በጭንና ከጉልበት በስተጀርባ ባሉት ጥልቅ ሥሮች ደግሞ ልኩ 1 ሰከንድ ነው። ጀርባችሁ ላይ ተኝታችሁ የተወሰደ ቁጥር እምነት አይጣልበትም። ሪፖርቱ የእያንዳንዱን ሥር ስም፣ ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ የመልሱን ፍሰት በሰከንድ ማሳየት አለበት። ጥልቆቹ ሥሮች ክፍት መሆናቸውም መጻፍ አለበት፤ እነሱ በድሮ የረጋ ደም ተዘግተው ከሆነ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ያ ሊያቃጥሉት ያሰቡት ሥር ሊሆን ይችላል። «ሪፍላክስ (የደም ወደ ኋላ መመለስ) አለ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዛችሁ አትፈርሙ።

የሕመሙን ደረጃም እወቁ። ሐኪሞች ከሲ0 እስከ ሲ6 ይከፍሉታል፦ ሲ1 የሸረሪት ድሩ፣ ሲ2 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያበጠ ሥር፣ ሲ3 እብጠት፣ ሲ4 የቆዳ መጥቆርና መድረቅ፣ ሲ5 የዳነ ቁስል፣ ሲ6 ያልዳነ ቁስል። ሲ1 ብቻ ከሆናችሁ ጉዳዩ የመልክ ነው፤ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፣ ትልቁን ሥር ማቃጠልም አያስፈልግም። ያ ረጅም የእግር ሥር የልብ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ ተወስዶ የሚተከለው ነው። አንዴ ከተቃጠለ ለዚያ አይሆንም።

ለሸረሪት ድሩ ከቆዳ ላይ የሚተኮስ ሌዘር ሲያቀርቡላችሁ ማሽኑን ጠይቁ። ሜላኒን ጨረሩን ስለሚስብ በጠይም ቆዳ ላይ ያልተስማማ ሌዘር አቃጥሎ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ለእኛ ቆዳ የሚሻለው 1064 ናኖሜትሩ ነው። በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒትም ቡናማ ምልክት ሊተው ይችላል፣ ለወራት የሚቆይ። ከሥሩ ውስጥ ገብቶ የሚያቃጥለው ሌዘር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቆዳ ቀለም አያግደውም።

በእውነት ማቃጠል ካስፈለገ፣ በራዲዮፍሪኩዌንሲ የተለመደው ካቴተር (ሥሩ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) 7 ሴንቲ ሜትር ያህሉን በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ሰከንድ ያሞቅና ወደ ታች ይሳባል። ከዚያ በፊት በሥሩ ዙሪያ ብዙ የተበረዘ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙን ከማስታገሱም ሌላ ቆዳውንና ነርቩን ከሙቀቱ ይለያል። እሱን የሚያሳጥር ክሊኒክ ቆዳ ያቃጥላል። ጫፉ ብሽሽት ላይ ካለው መጋጠሚያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ካልሆነ የረጋ ደም ወደ ጥልቁ ሥር ይገፋል። ከጉልበት በታች ነርቩ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ እግር ሊደነዝዝ ይችላል። የደም መርጋት ስጋት ካለባችሁ፣ ወይም ከሕክምናው በኋላ እግራችሁ ካመማችሁ ወይም ካበጠ፣ በቀናት ውስጥ የክትትል አልትራሳውንድ ካልያዙላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በሙቀት ፋንታ ሥሩን የሚዘጋው ሙጫ (ቬናሲል፣ በ2015 የተፈቀደ) ብዙ ማደንዘዣ አይፈልግም፤ ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል። የአርቲፊሻል ጥፍር ወይም የሽፋሽፍት ሙጫ ቆዳችሁን የሚያሳክክ ከሆነ ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው፤ ቤተሰቡ አንድ ነው። በመርፌ ሥሩ ውስጥ የሚገባው የመድኃኒት አረፋ ለጠመዝማዛ ሥር ይመቻል፣ በሙቀት ከተዘጋው ይልቅ ግን ሥሩ ቶሎ ተመልሶ ይከፈታል፤ የቫሪቴና አረፋ በአንድ ቀጠሮ ከ15 ሚሊ ሊትር አያልፍም።

ጥብቅ ካልሲውን (ግፊቱ 20–30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ክሊኒኩ ውስጥ ከመግዛታችሁ በፊት ውጭ ዋጋ ጠይቁ፤ ኢንሹራንሶች ብዙ ጊዜ ለሳምንታት መሞከራችሁን ያያሉና ደረሰኙን ያዙ። ስኳር ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው ግን የቁርጭምጭሚቱና የክንዱ የደም ግፊት ሳይነጻጸር አያጥልቅ፤ ደም ቅዳው ጠቦ ከሆነ ካልሲው ይጎዳዋል።

ይህን ስንል ቁስል ያለበት ሰው ይዘግይ ማለታችን አይደለም። በ2018 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሥሩ ቶሎ የተዘጋላቸው ቁስለኞች በአማካይ በ56 ቀን ሲድኑ፣ የዘገየላቸው በ82 ቀን እንደዳኑ አሳይቷል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ኢንሹራንስ ካላችሁ የቅድሚያ ፈቃዱን በጽሑፍ፣ ኮዱ ከነእግሩ ተጠቅሶ ተቀበሉ። «ኮፔይ አናስከፍልም» የሚል ቦታ ይጠርጠር። ከኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ከ2022 ጀምሮ በሕግ የጽሑፍ የዋጋ ግምት ይገባችኋል፤ ሂሳቡ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ በ120 ቀን ውስጥ መቃወም ትችላላችሁ።

ፈርማችሁ ከሆነም አልዘገየም፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አቁሙና የአልትራሳውንዱን ምስልና ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁ። በሕግ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። ያንን ይዛችሁ ከዚያ ክሊኒክ ገንዘብ የማያገኝ ሌላ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።